ጣርማ በር፦ ከዋሻው በፊት በሩ ነበረ

የመንገድ ማስታወሻ፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ባለፈው ሳምንት ከደሴ ስመለስ የተሳፈርኩበት መኪና ጣርማ በር ዳገት ላይ ሞተሩ ጋለና ቆምን። ረዳቱ ዘሎ ወርዶ ከኋላ ጎማ ሥር ድንጋይ ወሸቀ። ጉሙ ከታች እየተጠቀለለ ይመጣል። ፊት ለፊት ያለው መኪና የኋላ መብራቱ ብቻ ነው የሚታየው። ጋቢ ያለው ጋቢውን ደረበ፣ የሌለው መኪናው ውስጥ ተጠጋግቶ ተቀመጠ።

እዚያው ቆመን አንድ ወጣት፣ «ሙሶሎኒ ይሄን ዋሻ ባይሠራው ኖሮ እዚህ ማን ያልፍ ነበር?» አለ። የመለሰለት ሰው የለም። እኔም ዝም አልኩ። ነገሩ ግን ሆዴ ውስጥ ቀረ፣ እስካሁንም ከነከነኝ።

ቤቴ ገብቼ ሳስበው መልሱ ስሙ ላይ ነው። ቦታው «ጣርማ በር» ነው። በር የሚባለው ሰው የሚያልፍበት ነው። በአገራችን ተራራ ላይ «በር» የሚል ስም ካያችሁ፣ እዚያ ከመኪናም ከአስፋልትም በፊት እግርና በቅሎ ያልፍ ነበር ማለት ነው። ዋሻው የመጣው በሩ ካለበት ነው እንጂ በሩን የፈጠረው ዋሻው አይደለም።

ለማያውቁት፦ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ ስንሄድ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር፣ ደብረ ሲና 190 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጣርማ በር በሁለቱ መሃል፣ ደብረ ሲና ልንደርስ ስንል ያለው ነው። ከፍታው ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ዋሻው ርዝመቱ ወደ 600 ሜትር ይጠጋል። በወረራው ዓመታት ጣሊያኖች ያሠሩት ነው። ከዋሻው ስትወጣ መሬቱ ከፊትህ ይከዳሃል። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው። 50 ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ከብርድ ልብስ አገር ማንጎ አገር ትገባለህ።

በዚህ መንገድ የነዳችሁ፣ ያደጋችሁ፣ ያነበባችሁ ካላችሁ ጻፉልኝ። የቦታውን ታሪክ አንድ ላይ ማሰባሰብ እፈልጋለሁ።

---

ጡረተኛው ሾፌር፦

ልጄ፣ ጥሩ ነገር አነሳህ። እኔ በዚህ መንገድ ከ20 ዓመት በላይ ነድቻለሁ። መጀመሪያ በረዳትነት፣ ኋላ በራሴ እጅ።

ስለ ጣርማ በር ሰው ሁሉ የሚያወራው ዋሻውን ነው። ለሾፌር ግን ዋሻው ምንም አይደለም። መብራትህን ታበራለህ፣ ቀስ ብለህ ትገባለህ፣ ትወጣለህ። ከላይ ውሃ ይንጠባጠባል፣ ጭስ ይታፈናል፣ ሁለት ከባድ መኪና ሲተላለፍ መስታወትህን ትጠብቃለህ። በቃ። ፈተናው ቁልቁለቱ ነው።

የድሮ ሾፌሮች ያስተማሩን አንድ ነገር ነበር። «በምትወጣበት ማርሽ ውረድ።» ሰው ባዶ ሜዳ እንዳገኘ ሁሉ በትልቅ ማርሽ ይለቀዋል። ከዚያ ፍሬን ላይ ይቆማል። ጭነት ያለው መኪና ፍሬን ሲያዘወትር የፍሬኑ ሸራ ይግላል። መጀመሪያ ሽታ ይመጣል፣ የተቃጠለ ጎማ የሚመስል ሽታ። ያን ጊዜ ካልቆምክ ቀጥሎ ፔዳሉን ትረግጣለህ፣ መኪናው ግን አይሰማህም። እኔ ገና ወጣት ሆኜ ይሄ ደርሶብኛል። ሽንኩርት ጭኜ አልነበረም፣ ብረት ነበር የጫንኩት። ከደብረ ሲና በታች ሽታው መጣ። አብሮኝ የነበረው አንጋፋ ሾፌር «ወደ ተራራው አስጠጋ፣ ወደ ገደሉ አትይ» አለኝ። በሁለተኛ ማርሽ ጎማውን ከቦዩ ጋር አፋትጌ አቆምኩ። ረዳቱ ታኮውን፣ የጎማ ማቆሚያውን፣ ይዞ ሲዘል እግሩ ሲንቀጠቀጥ አየሁት። ሙሉ አንድ ሰዓት ቆመን ጎማው እስኪበርድ ጠበቅን። ውሃ እንዳትረጩ ይል ነበር ሽማግሌው፣ የጋለ ብረት ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ይሰነጠቃል።

ሌላ አንድ ነገር ልናገር። ዳገት ላይ ተበላሽቶ የቆመ መኪና ድንጋይ ያስገባል፣ ከተጠገነ በኋላ ድንጋዩን አስፋልት ላይ ትቶት ይሄዳል። በጉም ውስጥ ያ ድንጋይ ሰው ይገድላል። የአንተ ረዳት አንስቶት ነበር?

---

የመንገድ ማስታወሻ፦

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እውነቱን ለመናገር አላስተዋልኩም። መኪናው ሲነሳ ሁላችንም ለመግባት ነው የተጋፋነው። ከዚህ በኋላ አያለሁ።

---

የታሪክ ደብተር፦

ስለ 1928 ዓ.ም. ማንም ሳያነሳ እንዳይቀር።

የጣሊያን ጦር አዛዥ ማርሻል ባዶሊዮ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ የተነሳው ሚያዝያ 18 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። ከ1,700 በላይ መኪናና ከ12,000 በላይ ወታደር ይዞ ነበር። ማይጨው ላይ ጦራችን ከተሰበረ በኋላ ከፊቱ የሚያቆመው ትልቅ ሠራዊት አልነበረም። ያን ሁሉ መኪና የሚያቆም አንድ ነገር ብቻ ነበር። ጣርማ በር።

የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ዕጩ መኮንኖች ወደዚያ ተላኩ። አስተማሪያቸው ስዊድናዊው ካፒቴን ቪኪንግ ታም አብሯቸው ነበር። ገና ትምህርታቸውን ያልጨረሱ ልጆች ናቸው። መንገዱ በፈንጂ ተቆረጠ። የጣሊያን መኪኖች ተሰልፈው ቆሙ። ወታደሮቹ መሣሪያቸውን አስቀምጠው ድንጋይ እያቀበሉ መንገዱን እስኪጠግኑ ድረስ ጉዞው ተስተጓጎለ። ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገቡ።

እንግዲህ አስቡት። ያኔ ዋሻ የለም። በተራራው አናት የሚሻገር፣ ዝናብ ሲነካው ጭቃ የሚሆን መንገድ ነበር። መንገዱ ግን ነበር። ወራሪው ራሱ በእኛ መንገድ ነው የመጣው። ዋሻውን የሠራው ከገባ በኋላ ነው። መኪና ላይ ለጠየቀው ወጣት ይሄ በቂ መልስ ይመስለኛል።

ደግሞ ቀኑን ልብ በሉ። በ1933 ዓ.ም. የደቡብ አፍሪካ ብርጌድ በፒየናር አዛዥነት ከአዲስ አበባ በዚሁ በር ወጥቶ ደሴን ከጣሊያን እጅ የያዘው ሚያዝያ 18 ነው። ባዶሊዮ ከደሴ በተነሳ ልክ በ5ኛ ዓመቱ፣ በዚያው ቀን።

---

ድልድይና ጠጠር፦

እኔ በመንገድ ሥራ ላይ ነው የምሠራው። ታሪኩን ለሚያውቁት ልተወውና ለምን እዚያ እንደሆነ ልናገር።

ከደብረ ብርሃን ሲኬድ መሬቱ ሜዳ ይመስላል። ደብረ ብርሃን ራሷ 2,800 ሜትር ላይ ስለሆነች ወደ ጣርማ በር መውጣቱ ብዙም አይታወቅም። ከዚያ በኋላ ደጋው በድንገት ያልቃል። የስምጥ ሸለቆው ጠርዝ እዚህ ነው። ይሄ ጠርዝ ከሰሜን እስከ ደቡብ እንደ ግድግዳ ተዘርግቷል። መንገድ ቀያሽ ግድግዳ ሲገጥመው ሁለት ነገር ይፈልጋል። አንደኛ ዝቅ ያለ ቦታ፣ ሁለተኛ ከታች ተይዞ የሚወረድበት ሸንተረር። ጣርማ በር ሁለቱም አለው። በተጨማሪ የተራራው ጀርባ እዚያ ቀጭን ነው። ለዚህ ነው 600 ሜትር ባልሞላ ዋሻ መብሳት የተቻለው። ወፈር ባለ ቦታ ቢሆን ብዙ ኪሎ ሜትር ይሆን ነበር።

በቅሎ ነጂዎች ይሄን ያለ መሣሪያ አውቀውታል። በቅሎ የማይወጣውን ዳገት መኪናም በቀላሉ አይወጣውም። በሙያችን ብዙ ጊዜ የማየው ነው። አዲስ መንገድ ልንቀይስ ሄደን የተሻለው መስመር የድሮው የእግር መንገድ ሆኖ ይገኛል።

ከዚያ ውሃውን እዩት። ከበሩ በስተ ምዕራብ የወደቀ ዝናብ ወደ ጀማ፣ ከዚያ ወደ አባይ ይሄዳል፣ መጨረሻው ሜዲትራኒያን ነው። በስተ ምሥራቅ የወደቀው በሮቢ ወንዝ አድርጎ አዋሽ ይገባል፣ አዋሽ ደግሞ ባሕር ሳይደርስ አፋር ምድር ላይ ይቀራል። በአንድ ጣራ ላይ የወረደ ዝናብ ለሁለት ተከፍሎ እንዲህ ይራራቃል።

ስለ ጉሙም የጠየቀ ካለ፦ ከአፋር በኩል የሚመጣው ሞቃት አየር ግድግዳውን ሲገጥም ወደ ላይ ይወጣል። ሲወጣ ይበርዳል፣ ሲበርድ እርጥበቱ ጉም ይሆናል። ስለዚህ ደብረ ብርሃን ፀሐይ ሆኖ ጣርማ በር ምንም ላይታይ ይችላል።

---

የመንዝ ልጅ፦

ድልድይና ጠጠር፣ ስለ ጉሙ የጻፍከውን ሳነብ ልጅነቴ መጣብኝ። እኛ «ጉሙ ከቆላ እየወጣ ነው» ነበር የምንለው። አባቴ በግ እየነዳ ሲሄድ ጉም ከያዘው ይቆማል። በጎቹ ተጠጋግተው ይቆማሉ፣ እሱ በድምፅ ይቆጥራቸዋል።

እኔ ሰው ሲረሳው የሚቆጨኝ ጣርማ በር የመንዝም በር መሆኑ ነው። ወደ መሐል ሜዳ የሚወስደው መንገድ ከዚያው አካባቢ ነው የሚገነጠለው፣ በመዘዞ በሞላሌ አድርጎ። የምኒልክ መስኮት የሚባለውም እዚያ መስመር ላይ ነው። ገደሉ አፋፍ ላይ ቆመህ ቆላውን ሁሉ ታያለህ። ጭላዳዎቹ ሣር እየነጩ አጠገብህ ይቀመጣሉ።

ገበያውን ንገሩኝ ካላችሁ፣ ከእኛ የሚወርደው ገብስ፣ ባቄላ፣ በግ፣ ከበግ ጠጉር የሚሠራው ባና ነው። ከታች የሚወጣው ማሽላ፣ ማሾ፣ ሽንኩርት፣ ፍራፍሬ። ደብረ ሲና በመሃል ስላለች ሁለቱ የሚገናኙት እዚያ ነው። እናቴ የባና ክር ፈትላ ሸጣ የቆላ በርበሬ ይዛ ትመለስ ነበር። ለእኛ በሩ ይሄ ነው። ከአሥመራም ከአሰብም በፊት የሁለት አገር እህል መገናኛ ነው።

---

ደሴ ቧንቧ ውሃ፦

ደብረ ሲና ከተነሳማ ቆሎውን ማን ዘለለው! መኪናው ገና ሳይቆም በመስኮት የሚዘረጋው እጅ። እኔ ለዩኒቨርሲቲ ከደሴ ስመላለስ ከጣርማ በር ብርድ በኋላ ያ ትኩስ ቆሎ በእጄ ሲገባ ነው ጉዞው እኩል ሆነ የምለው።

ግን አንድ ነገር ልቃወም። አያቶቻችን «ሙሶሎኒ ዋሻ» ነው የሚሉት። ስሙን መጥራት ማሞገስ ነው እንዴ? ሰው የሚያውቀው ስም ነው። ደግሞ መንገዱን ማን እንደሠራው መካድስ ምን ይጠቅመናል?

---

የታሪክ ደብተር፦

እህቴ፣ ማንም አልካደም። ጣሊያን አሠርቶታል። ግን «አሠራ» እና «ሠራ» ይለያያሉ። በወረራው ዘመን የተሠሩት መንገዶች ከጣሊያን የመጡ ድሃ የቀን ሠራተኞችና የአገሬው ሰው ጉልበት ናቸው። ሙሶሎኒ አንድ ድንጋይ አላነሳም። መንገዱም ለእኛ ተብሎ አልነበረም፣ ጦር በፍጥነት ለማጓጓዝና አርበኛውን ለመክበብ ነው።

አያቶቻችን የሚሉትን አከብራለሁ። እነሱ ሲሉት ግን ዘመኑን ለማስታወስ ነው። ዛሬ አንድ ልጅ ስሙን ሰምቶ «እሱ ባይኖር አናልፍም ነበር» ካለ ስሙ ሌላ ነገር እያስተማረ ነው ማለት ነው። እኔ ልጆቼን ጣርማ በር በሉት ነው የምላቸው።

---

ደሴ ቧንቧ ውሃ፦

እሺ፣ ይሄኛውን ተቀበልኩ። ለእናቴ ግን ሙሶሎኒ ዋሻ እንደሆነ ይቀጥላል፣ ላርማት አልችልም።

---

ጡረተኛው ሾፌር፦

እኔ ስለ አሰብ ልጨምር፣ ወጣቶቹ የምታውቁት አይመስለኝም። አሁን ወደብ ሲባል ሁሉም በአዋሽ፣ በሚሌ ነው የሚያስበው። ያ መንገድ ከመሠራቱ በፊት ግን የአሰብ ጭነት ወደ አዲስ አበባ የሚመጣው በባቲ፣ በኮምቦልቻ፣ በሸዋ ሮቢት አድርጎ ነው። ከባሕር ጠለል ተነስቶ ከ3,000 ሜትር በላይ መውጣት ማለት ነው፣ በተሳቢ። እኔ በደረስኩበት ጊዜ አንጋፋዎቹ ስለዚያ ዘመን ሲያወሩ «አሰብን የሚያውቅ ጣርማ በርን ያወጣ ነው» ይሉ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ በአንደኛ ማርሽ የሚወጡ መኪኖች ነበሩ። ረዳቱ በእግሩ ጎን ለጎን እየሄደ ታኮ ይይዛል። መኪናው ሲደክመው ረዳቱ ታኮውን ያስገባል፣ ሞተሩ ይተነፍሳል፣ እንደገና ይነሳል።

የአዋሽ መንገድ ሲከፈት የወደቡ ጭነት ወደዚያ ዞረ። ለጣርማ በር የቀረለት የሰሜኑ ጭነትና ተሳፋሪ ነው። እሱም ቢሆን ቀላል አይደለም።

---

ድልድይና ጠጠር፦

ጋሼ ያሉት ትክክል ነው። አንድ ልጨምርበት። ባቡሩም ከጣርማ በር ሸሽቷል። ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ ወደ ወልዲያ፣ ሀራ ገበያ የተዘረጋው 392 ኪሎ ሜትር ሀዲድ የተነሳው ከታች ከአዋሽ ነው። ባቡር እንደ መኪና ዳገት አይወድም። በደብረ ብርሃን አምጥቶ ይሄን ግድግዳ ማውረድ እጅግ ብዙ ዋሻ ይጠይቅ ነበር።

መሬቱም ራሱ አይተኛም። በ1998 ዓ.ም. መጀመሪያ ደብረ ሲና አጠገብ ሾተል አምባ አካባቢ ሰፊ የመሬት መንሸራተት ደርሶ ብዙ ገበሬ ከቤቱ ተፈናቅሏል። ጠርዙ ላይ ያለው አለት የተሰነጣጠቀ ነው። ክረምት ውሃው በስንጥቁ ይገባል፣ ከሥር ያለው አፈር ይለሰልሳል፣ ከዚያ ተራራው ይንሸራተታል። ስለዚህ እዚያ መስመር ላይ ከአስፋልቱ ይልቅ ቦዩ ነው መንገዱን የሚያቆየው። የተደፈነ ቦይ ሳይ ያመኛል። ጎርፉ አስፋልቱን ከላይ አይበላውም፣ ከጎን ገብቶ ሥሩን ነው የሚያጥበው። አንድ ቀን ጠዋት ላይ ግማሹ መንገድ የለም።

---

ሊማሊሞ፦

ከጎንደር ሰላም ብያለሁ። እናንተ ጣርማ በር ስትሉ እኛ ሊማሊሞ እንላለን። ከደባርቅ ወደ ዛሪማ የሚወርደው። እሱም በዚያው በወረራው ዘመን የተቆረጠ ነው፣ ዋሻ ግን የለውም፣ ኩርባ በኩርባ ነው። ከአፋፉ ላይ ያለው ወልከፊት ምሽግ ውስጥ የነበረው የጣሊያን ጦር እጁን የሰጠው መስከረም 1934 ዓ.ም. ነው፣ ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ከገቡ ከ4 ወር በላይ ቆይቶ። ተራራ የያዘ ጦር ቶሎ አይለቅም። አርበኞቹ ዙሪያውን ከበው ነው ያስራቡት።

አንኮበርንም አትርሱ። ከዋሻው በፊት የሸዋ ትልቁ መውረጃ እሱ አልነበረም?

---

የታሪክ ደብተር፦

ልክ ነህ፣ በጊዜው ትልቁ እሱ ነበር። አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ ስለነበረች የባሕር ንግድ የሚወጣው በእሷ በኩል ነው። አሞሌ ጨው ከአፋር በግመል ይመጣል፣ አልዩ አምባ ገበያ ላይ ይራገፋል። ግመል ዳገቱን ስለማይችል ከዚያ በላይ በአህያና በበቅሎ ይጫናል። በ1830ዎቹ በኛ አቆጣጠር የእንግሊዝ መልእክተኛ ሃሪስ ከታጁራ ተነስቶ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የመጣው በዚሁ ነው።

ከተማው ወደ አዲስ አበባ ሲወርድና ባቡር በድሬዳዋ ሲመጣ የአንኮበር በር ቀዘቀዘ። መኪና ሲመጣ ደግሞ የደሴው መስመር ጣርማ በርን አነሳው። በር ይነሳል፣ በር ይወድቃል። ተራራው ያው ነው፣ የሚቀየረው ሰው ወዴት መሄድ እንደፈለገ ነው።

---

የመንዝ ልጅ፦

በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ጊዜ ደግሞ ግንባሩ ደብረ ሲና ድረስ ደርሶ መንገዱ ተዘግቶ ነበር። የዚያን ሰሞን ነው በሩ ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ። ከሸዋ ሮቢት በታች ያሉ ዘመዶቻችን በእግር ገደሉን ወጥተው መጡ። ሽማግሌ የሆነች አክስቴ በድሮው የበቅሎ መንገድ መርታ ነው ልጆቹን ያወጣችው። አስፋልቱ ሲዘጋ ያ መንገድ አሁንም አለ። እሷ ባታስታውሰው ማን ያውቀው ነበር?

---

የመንገድ ማስታወሻ፦

ይሄን ሳነብ ተነስቼ ቆምኩ። አክስትሽ በሕይወት ካሉ፣ ፈቃዳቸው ከሆነ፣ መንገዱ በየት በየት እንደሚያልፍ ብትጠይቂልኝ። የምንጮቹን ስም፣ ማረፊያዎቹን። ሰው ካልጻፈው ይጠፋል።

---

የመንዝ ልጅ፦

አለች፣ ጤና ነች። ለጥምቀት እሄዳለሁ፣ እጠይቃታለሁ። አንዱን አሁኑኑ አውቀዋለሁ። ዋሻው ሳይሠራ በፊት ነጋዴዎች ከአፋፉ በታች አንድ ትልቅ ድንጋይ ጥግ ያድሩ ነበር ብላኛለች። ንፋሱን ስለሚከልል። እሳት ያነደዱበት ጥቁር አሁንም አለው።

---

አዲስ መንገደኛ፦

ሁላችሁንም አነበብኩ፣ ተባረኩ። አንድ ተግባራዊ ጥያቄ አለኝ። በሚቀጥለው ሳምንት ቤተሰብ ይዤ በራሴ መኪና ወደ ኮምቦልቻ ልሄድ ነው። መኪናዬ ትንሽ የቤት መኪና ነች። ጣርማ በርን ስንት ሰዓት ላይ ብደርስ ይሻለኛል?

---

ጡረተኛው ሾፌር፦

ልጄ፣ ከአዲስ አበባ ጠዋት 12 ሰዓት ከተነሳህ ረፋዱ ላይ ትደርሳለህ። ከሰዓት በኋላ ጉሙ ሊብስ ይችላል፣ ማታ ደግሞ ከባዶቹ ይበዛሉ። ደብረ ብርሃን ላይ ቆመህ ፍሬንህን፣ የራዲያተር ውሃህን፣ የፊትና የኋላ መብራትህን እይ። ዋሻው ሳትገባ መብራት አብራ፣ የፀሐይ መነጽር ካደረግህ አውልቅ። ከዋሻው እንደወጣህ ማርሽህን ቀንስ። ጉም ከያዘህ ረጅሙን መብራት አታብራ፣ ጉሙ መልሶ ዓይንህ ላይ ይመልሰዋል። አጭሩን አብርተህ የቀኝህን ጠርዝ እያየህ ሂድ። መሃል መንገድ ላይ በፍጹም እንዳትቆም።

ልጆች ስለያዝክ አንድ ልጨምር። ደብረ ሲና ስትደርስ ውረድና የጎማህን ብረት በእጅህ ሳትነካው ከቅርብ ሙቀቱን እየው። ከጋለ ቆሎ እየበላችሁ ግማሽ ሰዓት ቁሙ። ቀሪው ቁልቁለት ገና አላለቀም።